ጨረቃ የሌለችበት ረቡዕ

በወይዘሮ አገሬ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛው ምኵራቡ በየዓመቱ በነፃ የሚያድለው ነው፤ በዓላቱ በቀይ፣ የሰንበት መግቢያ ሰዓት በጥቃቅን ቁጥር። ሁለተኛውን ሻርዳ ከሕንድ በሻንጣዋ ጠቅልላ ነው ያመጣችው። እሱ ከላይ ሥዕል አለው፤ አራት እጅ ያላት ሴት አበባ ላይ ቆማለች። አገሬ ያን ሥዕል ያየች ቀን የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አውርጂው እንዳትላት የሰው አገር ሰው ናት፤ ዝም እንዳትል ቤቱ የአይሁድ ቤት ነው። በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን በዕቃ መወልወያ ጨርቅ ሸፈነችና ከሥሩ ያሉትን ቁጥሮች ተወቻቸው። ቁጥር የማንም አይደለም።

ሻርዳ ሜታፔሌት ናት፤ አስታማሚ። በአሽዶድ፣ በሮቫ ጊሜል፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአገሬን ባል ባሕሩን ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። ባሕሩን በፈረንጆች ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ፌብሩዋሪ ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑን ወሰደበት፤ ንግግሩንም ጠቅልሎ ሄደ። ዐሥራ አንድ ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኝቶ በዐሥራ ሁለተኛው ማታ ዓይኑን ሲገልጥ፣ አገሬ ጎንበስ ብላ «አያ ባሕሩ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለችው። እሱ ግን አልፏት ወደ መስኮቱ አየ። ብዙ ቆየ እንደዚያው። ሐኪሞቹ ይኼንን «አካባቢውን አይለይም» ብለው ጻፉት። ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው ልጃቸው ኢላኒት ወረቀቱን አንብባ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ስለ አባቷ ስታወራ አጠገቡ ቆማም ቢሆን እንደሌለ ሰው ታወራ ጀመር።

ሻርዳ የመጣችው በሰኔ ነው። ጉልበተኛ፣ ጸጥተኛ፣ ዕብራይስጧ እንደ ደረቅ ቆሎ አንድ አንድ ፍሬ የሚወጣ። አገሬን «ኢማ»፣ እናት ማለት ነው፣ ባሕሩን «አባ» ትላቸዋለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር አገሬን ያሳሰባት፤ ሴትዮዋ አንዳንድ ቀን አትበላም።

«ዛሬ ጾም» ትላለች።

«የምን ጾም?»

«የጨረቃ ዐሥራ አንድ።»

ብላም ትቀመጥና ሦስት ቅቅል ድንች፣ እፍኝ ለውዝና ሁለት ሙዝ ታነሣለች። እህል ነው እንጂ የተከለከለው ድንች አይደለም አሉ። አገሬ፣ ጾም ማለት ምራቅ መዋጥ እንኳን የሚያስፈራበት ቀን ነው ተብላ ያደገችው አገሬ፣ ይህን እያየች «ይኼ ጾም ነው ወይስ ሰርግ?» ትላለች። ሻርዳ ትስቃለች፤ ለውዙንም ታቀርብላታለች።

ሌላ ቀን ግን አለ። ጨረቃ ከሞላች በኋላ በአራተኛው ቀን ሻርዳ እስከ ማታ ትቆይና ጨረቃን በዓይኗ ሳታይ እህል አትቀምስም። ጨረቃ ስትዘገይ እሷም ትዘገያለች። በመጀመሪያው ወር አገሬ በረንዳው በር ላይ ቆማ አየቻት። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሣ የዋለች ሴት፣ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ፣ ከፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎቹ መካከል ጨረቃ ብቅ እስክትል እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ብቅ ስትል ውኃ አፈሰሰችላት። በዚያ ማታ አገሬ ስለ ድንቹ ያለችውን በልቧ መለሰችው።

የባሕሩ ነገር የጀመረው በዩሊ አጋማሽ ነው። አንድ ጠዋት ሻርዳ አጥሚቱን ብታቀርብለት ጥርሱን ገጠመ። ምሳም እንዲሁ። ማታ ምንም እንዳልተፈጠረ አፉን ከፍቶ በላ። በኦጉስት ደገመው። በሴፕቴምበር፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ቀኑን ሙሉ እንቢ ብሎ ማታ ዘመድ ሲሰበሰብ በላ፤ «ሰው ናፍቆት ነው» ተባለ። በኦክቶበር ግን ኢላኒት እዚያው ነበረች። ጥርሱን ገጥሞ ፊቱን ሲያዞርባት እኩለ ቀን ላይ አምቡላንስ ጠራች፤ በደም ሥሩ በጠብታ ስኳር ሰጡት።

የሰፈሩ ክሊኒክ ሐኪም ዶክተር ሺምዖን ጥሩ ሰው ነው፤ ችኩል ነው እንጂ። ዕብራይስጥ አንቱ የሚል ቃል ስለሌለው ሰማንያ የደፈነውን ባሕሩን «አንተ» እያለ ያነጋግረዋል፤ አገሬ ይህን ከለመደችው ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

«አፉን የሚዘጋ ሰው መዋጥ ይረሳል» አላት። «ኖቬምበር ዐሥራ አንድ፣ ረቡዕ ጠዋት ቤታችሁ እመጣለሁ። ፊቴ ይብላ። ካልበላ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይገባል፤ ሆዱ ላይ በዞንዳ ይመገባል።»

ለአባቷ ሕክምና ፈራሚዋ ኢላኒት ናት፤ እስክሪብቶዋን አውጥታ ነበር።

አገሬ ዞንዳ ታውቃለች። ሁለተኛ ፎቅ የነበሩት አቶ ሙላት ሆዳቸው ላይ ቱቦ ተተክሎላቸው ነበር። ቱቦውን ነቅለው እንዳይጥሉ እጃቸውን ከአልጋው ጋር አሰሩት። ሁለት ዓመት ኖሩ፤ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ምላሳቸው ጨው እንኳን አልቀመሰም። ሚስታቸው በእሳቸው ፊት መብላት እያፈረች መታጠቢያ ቤት ገብታ ትበላ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ሻርዳ ሊጥ እያቦካች ነው። ሊጡን እየቆነጠረች በአውራ ጣቷ ታጎደጉደዋለች፤ ትናንሽ ስኒ ይሆናል።

«ኬክ ነው?» አለች አገሬ።

«መብራት፣ ኢማ። ነገ ዲዋሊ፣ የኛ በዓል። ውስጡ ዘይት፣ ጥጥ፣ እሳት።»

«ለማን ነው የምታበሪው?»

ሻርዳ ሊጥ በነካው ጣቷ ሥዕሉን የሸፈነውን ጨርቅ ጠቆመች።

አገሬ ለጥቂት ጊዜ ከራሷ ጋር ተሟገተች። «እንግዲያው በረንዳ ላይ አብሪው» አለች። በረንዳ ቤትም አይደለም፣ ውጭም አይደለም።

«እሺ። ነገ ጨረቃ ምንም የለም። ጨለማ። ለዚህ ነው መብራት።» ሻርዳ ሌላ ስኒ አጎደጎደች። ቀና ሳትል ጨመረችበት፤ «ኢማ፣ ነገ አባ አይበላም።»

«አንቺ! ደግ ደጉን አውሪ እንጂ! ነገ እኮ ነው ዶክተሩ የሚመጣው።»

«አውቃለሁ። አይበላም።»

እጇን ታጠበችና የባሕሩን ማሕበሬት አመጣች፤ የበላውን፣ የጠጣውን፣ የዋጠውን ኪኒን በየቀኑ የምትጽፍበትን ደብተር። ያልበላባቸውን ቀኖች ከብባቸዋለች። ዩሊ ዐሥራ ስድስት። ኦጉስት ዐሥራ አራት። ሴፕቴምበር ዐሥራ ሦስት። ኦክቶበር ዐሥራ ሁለት። ከዚያ የሕንዱን መቁጠሪያ ከሚስማሩ አውርዳ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። በእያንዳንዱ የተከበበ ቀን ላይ ወይም ከጎኑ እንደ ጥቀርሻ የጠቆረች ክብ ታትማለች።

«ጥቁሩ፣ ጨረቃ ያለቀበት ቀን» አለች ሻርዳ። «ነገም ጥቁር። አባ ሕንድ ነው?»

አገሬ አልሳቀችም። መነጽሯን አደረገችና የምኵራቡን መቁጠሪያ አወረደች፤ በኡልፓን፣ በዕብራይስጥ ትምህርት ቤት፣ የተማረችውን ፊደል በጣቷ እየተከተለች ቀኖቹን አንድ በአንድ ፈለገቻቸው። ዩሊ ዐሥራ ስድስት፣ የታሙዝ ሃያ ዘጠኝ። ኦጉስት ዐሥራ አራት፣ የአቭ ሃያ ዘጠኝ። ከዚያ የኤሉል ሃያ ዘጠኝ። ከዚያ የቲሽሬ። ነገ የሄሽቫን ሃያ ዘጠኝ ነው። በቀይ ተጽፏል፤ ስግድ።

ስግድን፣ ከአገር ቤት የመጣውን የምሕላ ቀን፣ ማን ይረሳል! አውቶቡሶቹ ጠዋት ከሮቫ ጊሜል ወደ ኢየሩሳሌም ይነሣሉ፤ እሷም ዶክተሩ ባይኖር ትሄድ ነበር። እስከ ምሕላው ፍጻሜ ይጾማል። የረሳችው የሌሎቹን ዐሥራ አንድ ወሮች ሃያ ዘጠኝ ነው።

የባሕሩ አባት በጎንደር፣ ወገራ፣ ለአይሁዶቹ ቄስ ጨረቃ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ በራሳቸው ውስጥ ነው የሚይዙት። በየወሩ፣ ጨረቃ ከመወለዷ በፊት፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ያ ቤት እስከ ማታ ይጾም ነበር። አገሬ በሙሽርነቷ ስንት ጊዜ በዚያ ቀን እንስራ ተሸክማ ዓይኗ ጭልም ብሎባታል። አዲስ አበባ ወርደው፣ በፈረንጆች ዘጠና አንድ በአውሮፕላን ተጭነው ሲመጡ ግን ነገሩ ከጎተራው ጋር የቀረ መስሏት ነበር። እዚህ ቆጥሮ የሚያትም አለ፤ ማን ይቆጥራል?

ባሕሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ወደብ አጠገብ መጋዘን ጠበቀ። የምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፣ ባዶውን ይዞ ይመለሳል፤ በላ ብላ ታጥበዋለች። ጡረታ ሲወጣ ጓደኞቹ «ድመቶቹ ይናፍቁሃል» ብለውት ተሳስቀው ነበር፤ እሷም ምሳውን ማን ይበላ እንደነበር ሳታውቅ አብራ ስቃለች።

ቁጭ አለች። ከሁሉ የከበዳት ሌላ ነው። ዐሥራ አንድ ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኝቷል፤ ቆጠራው ተበጥሷል። ታዲያ ከየት ጀመረው? ከዚያ መስኮቱ ትዝ አላት። ጨረቃ እዚያ ነበረች። መጠኗን አይቶ፣ ያመለጡትን ቀኖች ሞልቶ ነው ወደ ሰው የተመለሰው። «እኔ ማን ነኝ?» ብላው ዝም ያለ ሰው ሰማይን ሲያሰላ ነበር።

ወደ መኝታ ቤት ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አያ ባሕሩ፣ ነገ ሃያ ዘጠኝ ነው?»

ባሕሩ አያት። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ሲያያት ዓይኑ አልፏት ይሄድ ነበር። አሁን አላለፋትም።

ጠዋት ዶክተር ሺምዖን ደረጃውን ወጥቶ እያለከለከ ደረሰ። ኢላኒት ለስግድ ፈቃድ ወስዳ ከእሱ በፊት መጥታለች። ሻርዳ ማንኪያውን አቀረበች፤ ባሕሩ ጥርሱን ገጠመ። ደገመች። ፊቱን አዞረ።

«እንግዲህ» አለ ዶክተሩ።

«ጾም ላይ ነው» አለች አገሬ፤ ነገሩንም ሁለቱን መቁጠሪያዎችና ማሕበሬቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አስረዳችው።

«እማዬ፣ በእግዚአብሔር!» አለች ኢላኒት። «አባ ስሙን አያውቅም፤ ጨረቃ ነው የሚቆጥር?»

«ስሙን አውጥቶ መናገር ነው ያቃተው።»

ዶክተሩ ገጾቹን ገለባበጠ። «ቆንጆ ነገር ነው። ግን ፋይሉ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ጨረቃ?»

«አንተ በዮም ኪፑር ትበላለህ?» አለችው አገሬ።

«አልበላም።»

«በዚያን ቀን ዶክተር መጥቶ ሆድህን ቢበሳው?»

ዶክተሩ ሊስቅ ብሎ ተወው። «እስከ መቼ ነው የሚጾመው?»

«ፀሐይ ስትገባ» አለች ሻርዳ።

«ሦስት ኮከብ ሲወጣ» አለች አገሬ።

«ማታ ክሊኒኩን ዘግቼ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ካልበላ አምቡላንሱን ራሴ ነኝ የምጠራው። አንቺም አትከራከሪኝም።»

«አልከራከርህም» አለች።

ያ ቀን አልመሽ አለ። በቴሌቪዥን ቄሶቹ በባለ ጥልፍ ጃንጥላቸው ሥር ቆመው ጸሎቱን ያደርሳሉ፤ አገሬ የባሕሩን ወንበር ወደዚያ አዞረችለት። ኢላኒት በየሰዓቱ ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ለማራስ ትሞክራለች፤ እሱ ይገጥማል። አገሬም አልቀመሰችም። ሻርዳ ደጁ ላይ በሩዝ ዱቄት አበባ የመሰለ ክብ ሣለች።

ፀሐይ ስትገባ ባሕሩን በረንዳው ላይ አወጡት። ሻርዳ የሊጥ ስኒዎቿን በረንዳው ጠርዝ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ ለኮሰቻቸው። ሰማዩ ንጹሕ ነበር፤ ጨረቃ የምትባል የለችበትም፤ መብራቶቹ ብቻ በባሕር ነፋስ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ዶክተሩ መጣና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ቆመ።

«አንድ» አለች ኢላኒት ሳታስበው። ቆይታ «ሁለት»። ሦስተኛውን ኮከብ ከወደቡ ክሬኖች በላይ ዶክተሩ ነው ያየው።

አገሬ አጥሚቱን በማንኪያ አቀረበች። ባሕሩ አፉን አልከፈተም።

ዳግመኛ አቀረበች። አልከፈተም። ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰና ስልኩን አወጣ፤ ኢላኒት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ያን ጊዜ የባሕሩ ግራ እጅ ተነሣ። ማንኪያውን ከአገሬ እጅ ወሰደ፤ እያንጠባጠበ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ አፏ አመጣው።

አገሬ ዋጠች። ከዋጠች በኋላ ነው የገባት።

«ቆይ ዶክተር፣ ቆይ» አለች። «ቆጣሪው መጨረሻ ነው የሚበላ። በአባቱ ቤት እንዲያ ነበር። ቤቱ ሁሉ ሳይቀምስ የቆጠረው አይቀምስም፤ ተሳስቶ ከሆነ ረሃቡ በእሱ ላይ ይሁን ብለው ነው።»

ባሕሩ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ነክሮ ወደ ልጁ ዘረጋው። ኢላኒት ቀትር ላይ ተደብቃ ፒታ በልታ ነበር፤ ቢሆንም ተንበርክካ አፏን ከፈተች። እያለቀሰች «አባ» አለችው፤ እንዳለ ሰው። ቀጥሎ ለሻርዳ ሰጣት። ሻርዳ ሁለት እጇን አጋጥማ ግንባሯ ላይ አድርጋ ተቀበለች።

ማንኪያው ለአራተኛ ጊዜ ተነክሮ ወጣና በአየር ላይ ቆመ። ወደ ዶክተሩ ነው።

ዶክተር ሺምዖን ወደ ኋላው አየ፤ ሌላ ሰው የለም። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ በወንበሩ ልክ ጎንበስ አለ፣ አጥሚቱንም እንደታዘዘ ሰው ዋጠ።

ባሕሩ አንድ በአንድ አያቸው። ማንም አልቀረም። ማንኪያውን ለአገሬ መለሰላትና አፉን ከፈተ።