ሳያርፉ የሄዱት ሽመላዎች

ሰውየው ከወገቡ በታች አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ የእንግዳ ማረፊያውን ጣጣ ሁሉ የተሸከመችው ሚስቱ ናት። አልጋውን መስኮቱ ሥር ያደረገችለትም እሷው ናት። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የትልቁ ዛፍ ጫፍና ሰማዩ ብቻ ነው፤ ኩሬ ያለበት የአትክልት ቦታው ከታች ይቀርበታል።

ድንቢጦቹንና ዋኖሶቹን «ቤተሰብ» ይላቸዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ከደጁ አይጠፉም። ልቡ ግን ከሩቅ አገር በሚመጡት ሽመላዎች ላይ ነው። በአንድ እግሩ ቆሞ ኩሬው ላይ የሚያፈጠውን ወንዱን ገና በጤናው ሳለ «ዳኛው» ብሎታል። ሐኪሙ ዘንድሮ ተስፋ የሚሆን ነገር ባይነግረውም «ዳኛውን ሳላይ የትም አልሄድም» እያለ ያሾፍ ነበር። እሷም አብራው ትስቅና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

ጣጣውን ያመጡት እንግዶቹ ናቸው። ወፍ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ይመጡና የኩሬው እንቁራሪት አላስተኛን ብለው ይነጫነጫሉ! ፊታቸውን አኮሳትረው ቁርስ ላይ ሲቀመጡ አንጀቷ እርር ይላል። እንግዳ ከቀረ ቤቱም መድኃኒቱም እንደሚቀር ታውቃለች። ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ሰሞን ሠራተኞች ጠርታ ኩሬውን በአፈር አስደፈነችው፤ ላዩ ላይም ሣር አስተከለችበት። ሲመለስ አልነገረችውም። ሽመላ የሚመጣው ለዛፉ ነው ብላ ራሷን አታለለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጡ። በትራስ ደግፋ ቀና አደረገችው፤ እጇን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ሽመላዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ዛፉን ዞሩት፤ ዝቅ ብለው እንደገና ዞሩት። የለመዱት ውሃ የለም። አንዳቸውም ሳያርፉ ከኮረብታው ማዶ ተሰወሩ።

«ነፋሱ አስቸግሯቸው ይሆናል። ነገ ይመለሳሉ» አለች።

«እንቁራሪቶቹ ዝም ካሉ ጀምሮ አውቄዋለሁ» አላት። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። «ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው የጠበቅሁት። የሆነው ሆኖ ዳኛው ይምረናል ብዬ ነበር።»

እሱ ቀስ ብሎ እጇን ለቀቀ።

«በይ፣ አልጋዬን ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ።»

አዞረችለት። ድንቢጦቹ እንደወትሯቸው ፍርፋሪያቸውን ሊለቅሙ መስኮቱ ላይ መጥተው ነበር፤ የሚያያቸው ግን አልነበረም።