በሙሁርት ሰዓት የነፈግኩት እጅ

አባቴ ከሞተ ጀምሮ በመስኮቱ ሥር ያለው ወንበሩ ባዶ ነበር። አጎቴ ጊርዳር ራጅኮት ከተማ ባለው የአክሲዮን ድለላ ቢሯቸው ስምንት ወንዶችን በስምንት ስክሪኖች ፊት አስቀምጠው፣ ያንን አንድ ወንበር ግን ማንም እንዳይነካው ከልክለው ነበር። በስታቲስቲክስ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ የወርቅ ሜዳሊያዬን ይዤ ስመለስ ወንበሩን ጠየቅኳቸው። «ከነዚህ አፈ ልቅ ወንዶች መሀል ሴት ልጅ?» አሉና ሻይ አዘዙልኝ። በእኛ ከተማ ሻይ ከታዘዘልህ ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት ነው።

ለእኔ ግን አልተዘጋም። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሆኜ ለአሥራ አንድ ወራት የገበያውን ቁጥሮች በደብተሬ መዘገብኩ።

ቢሮው የሚኖረው በኢንዴክስ ኦፕሽን ነው፤ የገበያው ጠቅላላ መለኪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ መብት በመግዛት። የመብቱ ዕድሜ ከሳምንት አይዘልም፤ በማብቂያው ቀን ያልሰመረለት ከንቱ ይሆናል። ዕድሜው ይህን ያህል ሲያጥር አቅጣጫን መገመት ብቻውን አይበቃም። ከእንቅስቃሴው ጀርባ ምን ያህል ገዢና ሻጭ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህንንም የሚነግረን የግብይት መጠን ነው። ወንዶቹ መጠኑን የሚያነቡት በስክሪኑ ግርጌ ከሚቆሙት ዓምዶች ነበር። የአንዱ ደቂቃ ግብይት ካለፉት ሃያ ደቂቃዎች አማካይ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዓምዱ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ያን ጊዜ «ትልቁ ሰው ገባ!» ይባልና ሁሉም ይገዛል።

በአዘቦት ቀን መጥፎ ዘዴ አይደለም። እኔ ግን እያንዳንዱን ሩብ ሰዓት የማነጻጽረው ከራሱ ጋር ነበር፤ የመክፈቻውን ከሌሎች ቀናት መክፈቻ፣ የምሳውን ከሌሎች ቀናት ምሳ። ገበያ ጠዋት ሁልጊዜ ይጮኻል፣ በምሳ ሰዓት ሁልጊዜ ያንቀላፋል። ጩኸቱን ከእንቅልፉ ጋር ያወዳደረ ሰው ራሱን ያታልላል።

የብርሃን በዓላችን ዲዋሊ ደረሰ። በዚያ ዕለት ገበያው ዝግ ነው፤ ሆኖም ፀሐይ ስትጠልቅ ለአንዲት ሰዓት ብቻ፣ ለሙሁርት፣ ማለትም ለመልካም ዕድል ሰዓት፣ ይከፈታል። አዲሱ ዓመት እንዲባረክ ሁሉም ጥቂት ይገዛል። በሙሁርት መሸጥ ነውር ነው፤ አለመግዛት ደግሞ ከነውርም የከፋ። ስክሪኖቹ ግንባር ላይ በቀይ ዱቄት ምልክት ተደርጎባቸዋል፣ ጠረጴዛው በፔንዳ ጣፋጭና በጋንቲያ ጥብስ ተሞልቷል። የመጀመሪያውን የግዢ ትእዛዝ ቁልፍ የምትጭነው የቤቱ ሴት ልጅ ናት፤ በዚያች ሰዓት ሴት ልጅ ላክሽሚ፣ የሀብት እመቤት፣ ትባላለችና።

«ኩንጃል፣ ነይ!» አሉ አጎቴ። አዲስ ነጭ ኩርታ ለብሰዋል። «ዛሬ ጣትሽ የወርቅ ነው።»

«ከወርቅ ሜዳሊያዋ ይብሳል?» አለ ፓራግ። የቢሮው ቀልደኛ እሱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ‘ፕሮፌሰር’ ሲለኝ ኖሯል።

ስምንቱም ተሰብስበዋል። ከመካከላቸው የሒሳብ መምህሬ የነበሩትና ጡረታ የወጡት ቫጁባይ መነጽራቸውን እየጠረጉ ይጠብቁኛል። «ልጄ አንቺ ከጫንሽው እኔም እከተልሻለሁ» አሉኝ። «በዓመቱ ያጠራቀምኩትን ሁሉ።»

ገበያው ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ዓምዶቹ የሣር ቡቃያ ያክላሉ። ከዚያ በድንገት አንዱ ዘለለ፤ አረንጓዴም ሆነ።

«ሦስት እጥፍ!» ጮኸ ፓራግ። «አራት ሊሞላ ነው! ትልቁ ሰው ገባ!»

«ይወጣል የሚለውን እንገዛለን» አሉ አጎቴ። «ከነገ ወዲያ የሚያበቃውን። ርካሽ ነው፣ ገበያው ከዘለለ እሱም ይዘላል። ኩንጃል፣ ጫኚ።»

ጣቴን ዘረጋሁ። ከዚያ ደብተሬን ከፈትኩ።

«አጎቴ፣ ይህ ሦስት እጥፍ የምንድን ነው?»

«እንዴት የምንድን ነው?»

«አማካዩ የተሰላው ካለፉት ሃያ ደቂቃዎች ነው። ያለፉት ሃያ ደቂቃዎች ደግሞ የሙሁርት ናቸው፤ አያቶች ለበረከት አንድ አንድ አክሲዮን የገዙባቸው። በዚች ደቂቃ የተገበያየው አንድ ሺህ አራት መቶ የኦፕሽን ውል ነው። በአዘቦት ቀን ገበያው አንቀላፍቶ እንኳ በደቂቃ ዘጠኝ ሺህ ያልፋል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስል ነጎድጓድ ይመስላል። ያሳለው ግን አንድ ሰው ነው።»

«በበዓል ቀን ትምህርት!» አለ ፓራግ። «ፔንዳ ስጧት፣ አፏ ይያዝ።»

ሳቁ። አጎቴ አልሳቁም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ። ሰው ሁሉ እያየ ነው። ይቺን አንዲት ነገር ጫኚ፤ ገበያው ሲከፈት በአባትሽ ወንበር ትቀመጫለሽ። ቃሌ ነው።»

አሥራ አንድ ወር የጠበቅኩት ቃል ነበር። ወንበሩን አየሁት፤ የአባቴ ክርን ያሳሳው ክንዱ ላይ የማሪጎልድ አበባ አንጠልጥለውበታል። ቫጁባይንም አየኋቸው። ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳርፈው የሚጠብቁት ስሌቴን ሳይሆን እጄን ነበር። አራት ዓመት ‘ሥራውን አሳዪ’ እያሉ ያስተማሩኝ ሰው!

«አልጫንም» አልኩ።

ደብተሬን ዘጋሁ።

«አንድ አክሲዮን ግዢ ካሉኝ ለበረከት እገዛለሁ፣ ልማዱን አከብራለሁ። ይህን ግን አልጫንም። ዓመቱን ሙሉ በር ላይ አስቀምጣችሁኝ፣ ዛሬ የምትፈልጉት እጄን ነው። እጄ ከጭንቅላቴ ጋር ነው የሚመጣው፤ ለብቻው አይከራይም።»

«እብድ ናት» አለ አንዱ። «ላክሽሚ እጇን ሰበሰበች ማለት እኮ…»

«ውጪ» አሉ አጎቴ። «ወንበሩንም እርሺው።»

ትእዛዙን ፓራግ ጫነ። ስድስቱ ተከተሉት። ቫጁባይ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ ቀስ ብለው አነሱና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁ፤ ገበያው ወጣ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የገዙት ኦፕሽን ሩብ ያህል ጨመረ። ፓራግ ጭንቅላቱን በበሩ አወጣ። «ፕሮፌሰር! ባዶው አዳራሽ እየዘፈነ ነው!»

«መውጣቱ የእኔን ስሌት አያፈርሰውም» አልኩት። «ከፈለግክ አሁን ሽጥ።»

«በሙሁርት የሚሸጥ አለ? አንቺ ዛሬ ልታረክሺን ተሳልሽ?»

ቫጁባይ ከኋላው ብቅ ብለው ሲያዩኝ፣ ዓይናቸው ውስጥ ያመለጣቸውን ትርፍ አየሁ። ቤት ገብቼ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ደረስኩ፤ ያ ዓምድ ትርጉም አልነበረውም። ቢወጣም ዕድል ነው፣ ቢወርድም ዕድል ነው፤ እኔ ደግሞ የሰው ጥሪት በዕድል ላይ እንዲቆም እጄን አላበድርም።

በማግስቱ ገበያው ለበዓል ዝግ ነበር። የኦፕሽን ዕድሜ ግን በዓል አያውቅም፤ ዝግ በሆነውም ቀን እንደ ሻማ ይቀልጣል።

በማብቂያው ቀን ማለዳ ከቤቴ የፕላስቲክ በርጩማ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ስገባ ፓራግ በአባቴ ወንበር ተቀምጧል። በርጩማዬን ከመስኮቱ ሥር፣ ከጎኑ አስቀመጥኩና ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

«ማን ግቢ አለሽ?» አለ።

«ማንም። ካነሣህብኝ ነገም ሌላ አመጣለሁ። ቤታችን ስድስት አለን።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ገበያው ተከፈተ። አልወደቀም፤ ያ ነው የሚገርመው። የዲዋሊ ዕለት በነበረበት ቆሞ ቀረ። ኦፕሽኑ ግን ቀኑን በልቶ ጨርሷልና የሚከፈልለት ዋጋ ከተገዛበት ሲሶ እንኳ አልሞላም።

«የእሷ እርግማን ነው» አለ ፓራግ፣ አሁን ሳይስቅ። «ላክሽሚ እምቢ ባትል ኖሮ…»

«እምቢ ያልኩት ከመግዛትህ በፊት ነው፤ ምክንያቴንም በቁጥር ነገርኩህ» አልኩት። «እርግማን ቁጥር አይጠቅስም።»

ቫጁባይ ስክሪናቸውን ወደ በርጩማዬ አዞሩት።

ከዚያ አንድ ዓምድ ዘለለና አረንጓዴ ሆነ። ስምንት እጆች ወደ ቁልፎቹ ሄዱ፤ ሁሉም ግን መንገድ ላይ ቆሙ። አጎቴ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ ግድግዳውን እያዩ ተናገሩ።

«በዚህ ሰዓት፣ በሌሎች የማብቂያ ቀናት፣ ስንት ነው የሚሆነው?»

«ማንን ነው የጠየቁት አጎቴ?»

ጆሯቸው ቀላ። ፓራግ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«አንቺን» አሉ። «ኩንጃልን።»

ገጹን ገለጥኩና ቁጥሩን ነገርኳቸው፤ ደረጃው ላይ ያለ ሰው እንኳ እንዲሰማ፣ ጮክ ብዬ።