የላይኛው ጎጆ ጭስ

ወንድሜ ራስል ከሰው ኋላ መሄድ አይሆንለትም ነበር። ስድሳን አልፎ፣ ጉልበቱ እንደኔው መንቋቋት ጀምሮ እንኳ፣ ዱር ስንገባ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ፊት ፊት ይላል። ለምን ስትለው "እሳት ላነድላችሁ ነዋ!" ይልሃል። እውነቱን ነው፣ ያነዳል። እኔና ሚስቱ ኖላ እግራችንን እየጎተትን ጎጆው ስንደርስ ሻዩ ፈልቶ፣ እሱ ካልሲውን ምድጃው ላይ ሰቅሎ "የት ነበራችሁ? ጡረታ የወጣችሁ መስሎኝ ነበር" እያለ ይቀበለናል። ዕድሜ ልኩን በዚህች ቀልድ ሲስቅ ኖረ፤ አልሰለቸችውም።

አንድ ደንብ ደግሞ ነበረን። እሳቱ ሲያያዝ ራስል እርጥብ ቅጠል ይጨምርበታል። ነጭ ጭስ ከዛፎቹ በላይ ሲወጣ ስናይ፣ ከኋላ ያለነው "ደርሷል" እንላለን። ይሄ የእኛ ቤት ፈጠራ አይደለም። በዚህ በኒውዚላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ተራራ ለተራራ ስንዞር ያደግን ሰዎች ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። የተራራ ጎጆ የመንገደኛ ሁሉ ነው፤ ገብተህ ከኋላህ ሰው ካለ ታጨሳለህ። ስትወጣ ለሚቀጥለው ሰው ደረቅ እንጨት ፈልጠህ ትሄዳለህ። ይህን የማያደርግ ሰው እኛ ዘንድ ስሙ በበጎ አይነሣም።

ያን ቀን ወደ ቱሬ ወንዝ ላይኛው ጎጆ እየሄድን ነበር። ራስል እንደ ልማዱ ቀደመን። የእኔ ጉልበት ክፉኛ ስለያዘኝ ኖላ ከእኔ ጋር ቀረች። የአደጋ መጥሪያዋ መሣሪያ፣ መዳፍ የማታክል ብርቱካንማ ነገር፣ በኖላ ደረት ኪስ ውስጥ ነበረች። ቁልፏን ከተጫንካት የት እንዳለህ ለነፍስ አድኖቹ ትናገራለች፤ ሄሊኮፕተር ይመጣል። አንድ መሣሪያ ካለ ሰው በሚበዛበት በኩል ይቀራል ነው ደንቡ። ስለዚህ ራስል ብቻውን በሮጠ ቁጥር ያለ እሷ ነው የሚሮጠው። ስንት ጊዜ ነገርኩት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የኛ አገር ዝናብ አይዘንብም፤ ይገለበጣል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ቱሬ ቡናማ ሆኖ፣ ከሥሩ የሚንከባለለው ድንጋይ ሆድ ውስጥ እየተሰማ፣ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርድ ነበር። ራስል ቀደም ብሎ ውሃው ከጉልበት በታች ሳለ እንደተሻገረ ዱካው ይናገራል፤ ጭቃው ላይ የቦቲው ምልክት ወደ ውሃው ገብቶ አልተመለሰም።

"አንሻገርም" አልኩ።

"ማን እንሻገር አለህ?" አለችኝ ኖላ። "ሸራውን አውጣ።"

ኖላ በነፍስ አድን ቡድን ውስጥ ዘመኗን ያሳለፈች ሴት ናት። ከቱሬ ስንት ሬሳ እንዳወጣች አትናገርም። እኛ አገር ወንዝ ሰው የሚገድለው ሰው ችኩል ስለሆነ ነው፤ ውሃው ይጎድላል፣ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ለልጆች ስታስተምር ኖራለች። ሸራውን ከወንዙ ራቅ አድርገን ወጠርን፣ ደረቅ ልብስ ለበስን፣ ነካሽ ዝንቡ እንዳይጨርሰን ፊታችንን ሸፈንን።

ሊመሽ ሲል ዝናቡ አባራ፤ ደመናውም ተነሣ። ከወንዙ ማዶ፣ ከጫካው በላይ፣ ጎጆዋ ካለችበት መስክ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር።

ኖላ ትንፋሿን ለቀቀች። ጭንቀት ይዟት እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። "ይኸው" አለች፤ "ያ ሆዳም ኬኬን እየበላ ነው።" ኬኩ በራስል ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ለጋብቻ በዓላቸው የጋገረችው። እኛ ዝናብ ያራሰው ብስኩት በላን፤ እሱ ላይ እያላገጥን ሳቅን። ደስ ብሎን ተኛን።

በማግሥቱ እኛ ያለንበት ሰማይ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ዋናው ተራራ ላይ ግን ደመናው እንዳጠላ ነው፤ እዚያ እየዘነበ ስለሆነ ወንዙ አልጎደለም። ጭሱ ጠዋትም ነበር። ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

"ኖላ" አልኳት፣ "ለምን ወንዙ ዳር አልመጣም?"

"ማን?"

"ባልሽ ነዋ! እኛ በስብሰን እሱ ደርቆ፣ መጥቶ ሳይስቅብን የሚያድር ሰው ነው? ያንን የተቀደደ ባርኔጣውን እያውለበለበ፣ ቂጡን ገልጦ ሳያሳየን?"

ሳቀች። "አርጅቷል በቃ። እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል።"

"ልቤ አልወደደውም። ቁልፉን ብትጫኚው..."

"ምን ብዬ?" ፊቷ ተለወጠ። "ባሌ እሳት አንድዶ እየሞቀ ነው፣ ኑና አድኑኝ ልበል? ኢዋን፣ እኔ ከእራቴ ላይ እየተነሣሁ እንደዚህ ላሉ ሰዎች ስወጣ ነው የኖርኩት። እነዚያ አብራሪዎች ልጅ አላቸው። ደግሞ ስም ያወጡልናል። ክብሪትን ረሳኸው?"

ክብሪት የሠፈራችን ሰው ነው። ድሮ ክብሪቱ ረጥቦበት እራት ማብሰል ቢያቅተው ቁልፉን ተጫነ፤ ሄሊኮፕተር መጣለት። ዛሬ የልጅ ልጆቹ እንኳ "የክብሪት ልጆች" ነው የሚባሉት። እኛ ከሞት ይልቅ መጠጥ ቤት ውስጥ መሣቂያ መሆንን የምንፈራ ሕዝብ ነን። ስናገረው ቆሽቴ ያርራል፣ ግን እውነት ነው።

"ጭሱ አለ አይደል?" አለችኝ ለስለስ ብላ። "እሳት በሌለበት ጭስ የለም። ሰው በሌለበት ደግሞ እሳት የለም። ሻይ ጣድ።"

ሻይ ጣድኩ። ምን ልበል? ያየችው ጭስ እኮ እኔም ያየሁት ጭስ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሞቅን። ካልሲ አደረቅን። አንዲት ኪያ፣ ያቺ ሌባ የተራራ በቀቀን፣ የቦቲዬን ማሰሪያ ሰረቀችኝ፤ ኖላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ይገባኝ የነበረው ወንዙን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቱሬ ጎደለ። የቦርሳችንን የወገብ ማሰሪያ ፈታን፤ ውሃው ከጣለህ ቦርሳህ ይዞህ እንዳይሰምጥ። ከዚያ ክንዳችንን አንዳችን በሌላችን ጀርባ አቆላልፈን፣ ከባዱ እኔ ከላይ በኩል ሆኜ፣ እርምጃችንን እኩል እያደረግን ተሻገርን። ወገባችን ድረስ ነበር፤ ቅዝቃዜው ያስጮኻል።

ወደ ጎጆው የሚወጣው መንገድ ከአንዲት ጅረት ገደል በላይ ያልፋል። እዚያ ስንደርስ መንገዱ የለም። ናዳ ጠርጎ ወስዶታል፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ የተገነጠለው የዛፍ ሥር ገና ነጭ ነው። ታች ጅረቱ ይጮኻል። አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት አይቻልም፣ ይናዳል። ናዳውን ረገምንና በላይ በኩል፣ እሾህና ሐረግ እየሰነጠቅን ዞርነው። "ለራስል ይሄ መንገድ ደህና ሆኖ ጠብቆት፣ ለእኛ ሲሆን ይናዳል!" ብዬ ቀለድኩ። ኖላም "እሱ ሁልጊዜ ዕድለኛ ነው" አለች።

መስኩ ላይ ወጣን። ጎጆዋ አለች፣ ጭሱ አለ። ኖላ ከሩቅ መጮህ ጀመረች። "አንተ ሆዳም! ኬኬን ጨርሰኸዋል አይደል? ና ውጣ!"

በሩ ተከፈተ። የወጣው ራስል አልነበረም። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ያስደገፈ፣ የአጋዘን ጭን ለጥብስ የሚበልት፣ ግዙፍ ወጣት ነው፤ ከአገሩ ጥንተ ተወላጆች፣ ከማኦሪዎች። ፈገግ አለ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ። አክስቴ፣ ኬክ እንኳ የለም፤ ስጋ ግን ሞልቷል።" ማኦሪዎች ታላቅን ሴት ሁሉ አክስቴ ነው የሚሉት።

ኖላ ገፍታው ገባች። አልጋዎቹን አየች። የአንድ ሰው ቦርሳ፣ የአንድ ሰው መኝታ። ወጣች።

"ባሌ የት ነው?"

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ፓኦራ ነበር ስሙ። "የምን ባል? እኔ በተራራው አንገት በኩል፣ ከምሥራቅ ተሻግሬ ነው የመጣሁት። ከመጣሁ ጀምሮ ሰው አላየሁም፣ ከእናንተ በስተቀር።"

"እኛን አየኸን?"

"ሸራችሁ ከዚህ ይታያል። ዝናቡ እንዳባራ አየኋችሁ። ወንዙን ልትሞክሩ እንዳትነሡ፣ ጎጆው ሰው አለበት፣ ሙቅ ነው፣ ታገሡ ለማለት ቅጠል ጨመርኩበት። ትላንትም ለአደን ስወጣ ምድጃውን ጢም አድርጌ ሞልቼ ነው የሄድኩት። አላያችሁትም?"

"አይተነዋል" አለች ኖላ።

ሦስታችንም ወደ ናዳው ሮጥን። ሩጫ ካሉት፣ እኔ በዚያ ጉልበቴ።

ፓኦራ በገመድ ወረደ፣ ኖላ ተከተለችው። እኔ ከላይ ገመዱን ይዤ ቀረሁ። "አገኘነው" የሚል ድምፅ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። የመጣው የኖላ ድምፅ ነው፣ ዝግ ብሎ፦ "ኢዋን፣ ዞረህ በታች በኩል ና።"

ጅረቱ ዳር፣ ውሃው የማይደርስበት ድንጋይ ላይ ነበር። መንገዱ ከእግሩ ሥር ሳይከዳው አልቀረም። የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። በሁለት እንጨት መሐል አድርጎ በቦርሳው ማንገቻ አስሮታል፤ ጥሩ አድርጎ፣ ኖላ እንደምታስተምረው። የዝናብ ካፖርቱን ለብሷል፤ ባርኔጣውን ጆሮው ድረስ ስቦታል። ፊሽካው በጥርሱ መሐል ነበር። ጅረቱ ግን እዚያ ቦታ ላይ የሰውን ጩኸት ከአፉ ላይ ነው የሚነጥቀው። ኬኩ በከፊል ተበልቷል፤ የቀረው ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ኖላ እጇን በብብቱ ሥር አስገብታ ያዘች። ስንቱን ሬሳ እንዲህ ይዛለች። እጇን መልሳ አወጣችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

"ገና አልቀዘቀዘም" አለች።

አጠገቡ ተቀመጠች። ራስል ወደሚያይበት አቅጣጫ ቀና አለች፣ እኔም አየሁ። በዛፎቹ መሐል ክፍተት አለ። በክፍተቱ የጎጆዋ ጭስ ማውጫ ይታያል፣ ከሱም የሚወጣው ነጭ ጭስ።

"ያየው ነበር" አለች። "ኢዋን፣ ጭሱን እያየ ነበር። ምን እንደምናስብ ያውቃል። ደርሷል እንደምንል ያውቃል።"

ፓኦራ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "አክስቴ፣ እኔ እኮ... ወርጄ እጄን ላውለበልብላችሁ አስቤ ነበር። ደከመኝና ተውኩት።"

"አንተ ምን አጠፋህ?" አለችው። አልተቆጣችም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። ከደረት ኪሷ ያቺን ብርቱካንማ ዕቃ አወጣች፣ ክዳኗን ነቀለች፣ ተጫነቻት።

ፓኦራ ከጎጆው ጣሳ አምጥቶ ሻይ ሊያፈላልን ጣደ፤ የሚያደርገው ቢያጣ ነው። ሄሊኮፕተሩ የመጣው ውሃው ሳይፈላ ነው።

አብራሪው ወርዶ ራስልን አየና የራስ ቁሩን አወለቀ። ኖላን ያውቃታል፤ ራሷ ያሠለጠነችው ልጅ ነው። "ኖላ፣ ትላንት እኮ ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ጠርቶ ነበር" አለ። ከዚያ የተናገረው ገባውና አፉን ያዘ።

ራስልን ጠቅልለን ጫንነው። ኖላ ግን አልገባችም። ወደ ጎጆዋ ወጣች፣ እኔም እያነከስኩ ተከተልኳት። መጥረቢያ አነሣች። ግንድ አቆመች፣ ፈለጠች። ሌላ አቆመች። ፍልጡን በር ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ ቀጭኑን ከወፍራሙ ለይታ ደረደረች። እጇ ላይ ደም ነበር፤ የሱ ይሁን የሷ አላውቅም። መጥረቢያውን ቀምቼ ገደል ልወረውረው አማረኝ።

"ኖላ፣ ተዪው በእግዜር። ዛሬ እንኳ ተዪው።"

"የሚመጣው ሰው ምን አጠፋ?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

እንጨቱ ሲሞላ ባልዲ ውሃ ይዛ ገባች። ምድጃው ላይ ስትደፋው እሳቱ ሲንሿሿ ከውጪ ሰማሁት። ወጥታ መስኩ ላይ ቆመችና ወደ ጭስ ማውጫው አንጋጠጠች። መጀመሪያ ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ ከዚያ ቀጠነ፣ ከዚያ ምንም አልነበረም። እስኪቆም ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። አብራሪው ታች ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቃት፣ ማንም ቶሎ በይ አላላትም።