ሃያ ዲግሪ

የቤተ ክርስቲያኑን ማሞቂያ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ጣሪያው የሦስት ፎቅ ያህል ይርቃል፤ እንዲህ ያለውን አዳራሽ ማሞቅ የማንም ሰው ሥራ አይደለም እያልኩ ስኩራራ ዓመታት ኖርኩ። ከመሰላል ስለማልወርድ ሰዉ «መሰላል» ይለኛል። ሙቀት መለኪያውን ልጆች እንዳይነካኩት ብዬ ከላይ፣ ከመዘምራኑ ሰገነት አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ብርድ በገባ ቁጥር ወጥቼ ሳየው ሃያ ዲግሪ ነው።

አባቴ ግን በረደኝ ይሉ ነበር። የሚቀመጡት በግራ በኩል፣ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከምሰሶው አጠገብ ነው። መሰላል ላይ ሆኜ ቁጥሩን አነበብኩላቸው፤ በሃያ ዲግሪ ማንም አይበርደውም አልኩ። ደግመው ሲያነሱብኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። የገዛ አባቴ፣ ለዚያውም በሰው ፊት፣ ሥራዬን ያጣጥሉብኛል።

አንድ እሑድ ጋዜጣ አምጥተው ከጫማቸው ሥር አነጠፉ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች አይተው ተሳሳቁ። ጸሎቱ እንዳለቀ ጎንበስ ብዬ ጋዜጣውን ሳብኩት።

«አባባ፣ ሰው ምን ይላል? ይሄ እርጅና ነው እንጂ ብርድ አይደለም።»

«ብርዱ እኮ ከእግር ነው የሚጀምረው፣ ልጄ» አሉኝ፣ እኔን ማስቸገራቸው እያሳፈራቸው።

ጋዜጣውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ብርድ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አፍ አስያዝኳቸው ብዬ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በተከታዩ ዓመት ብርዱ ሲመለስ ሳንባቸውን ታመሙ። ሁለት ሳምንት አልቆዩልንም። ሐኪሙ ዕድሜም አለበት ብሎ አጽናናን።

የቀብራቸው ዕለት እሳቸው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ወይ መሰላል ላይ ነኝ ወይ ማሽን ክፍል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ጸሎቱ ሳይጋመስ ቁርጭምጭሚቴ ደነዘዘ፣ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ወጣ። ሰዉ ሲበተን መለኪያውን አወረድኩና ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ዘጠኝ አለ። ሙቀቱ ሁሉ ሽቅብ ይሸሻል፤ ያን ሁሉ ዓመት ጣሪያ ሳሞቅ ኖሬያለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቄሱን አስፈቅጄ ከየአግዳሚው ሥር ትንንሽ ማሞቂያ ልገጥም ተነሣሁ፤ አየሩን ትቼ ሰዉን ላሞቅ። ከአባቴ ቦታ ጀመርኩ። እህቴ መፍቻ እያቀበለችኝ፣ በጀርባዬ ተኝቼ የመቀመጫውን ጣውላ ስፈታ፣ ከጣውላው ሥር የተሸጎጡ ሁለት ቁራጭ ጋዜጣዎች ደረቴ ላይ ወደቁ። ተደራርበው በክር ተሰፍተዋል፤ ቅርጻቸው የጫማ ሶል ነው። ጋዜጣው ላይ የታተመውን ቀን አየሁ፤ አባቴ ከመታመማቸው አንድ ወር በፊት የወጣ ነው።

እህቴን ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷን ወደ ምሰሶው አዞረች።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩላቸው» አለች። «በጫማዬ ልክ አድርጊው፣ ከጫማው ካለፈ ሰው አይቶ በልጄ ሥራ ይስቃል አሉኝ።»

ማሞቂያውን የዚያን ቀን አልገጠምኩም። ሁለቱን ቁራጮች እንደያዝኩ እዚያው ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ወለሉ ይቀዘቅዝ ነበር።