በረኪናው ያጠፋው ስም

ከላብራቶሪ ባለሙያው እጅ የደም ብልቃጥ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰበረ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደሙን በወረቀት ሸፍና በረኪና አፈሰሰችበትና አሥር ደቂቃ ጠበቀች። መቆንጠጫው ቁም ሣጥን ውስጥ ስለተቆለፈባት ግን ስብርባሪውን በእጇ ለቀመች፤ አንዱ ጓንቱን ቀዶ ጣቷን ወጋት።

«እትዬ፣ ጣትዎን ያሳዩኝ።»

«አንተ ደግሞ! ቢምቢ ከዚህ የባሰ ትነክሳለች። ብቻ ልጆቼ እንዳይሰሙ።»

«በሳሙና ይታጠቡት፤ እኔ የማን ደም እንደሆነ ልይ።»

ብልቃጡ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አነሳ። በእስክሪብቶ የተጻፈውን የበሽተኛ ስም በረኪናው አጥፍቶታል። መዝገብ ላይም ገና አላሰፈረውም ነበር።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ይጀምራሉ፤ ለሃያ ስምንት ቀን።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ ከልጆቼ የት እደብቀዋለሁ?»