ያልተጠረገ ክንድ

ምራትየዋ ነርስ ናት፤ እናትየው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ መርፌ የማያስፈራቸው ሴት። ስኳር አለባቸው። ልጃቸው ሲያገባ ጎረቤቱ ሁሉ “እንግዲህ የሚወጋዎት ሰው ቤትዎ ድረስ መጣልዎት” ብሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር። ሆዳቸው የሻከረው በኋላ ነው።

የሻከረውም በጥጥ ነው። ከዚያ በፊት የወጋቸው ሁሉ ክንዳቸውን በአልኮል በራሰ ጥጥ ሳይጠርግ መርፌ አሳርፎባቸው አያውቅም። ይህቺ ግን ጠዋት ጠዋት እጇን በሳሙና ፈትጋ ትታጠብና “እማማ፣ ገላዎን ታጥበዋል?” ትላለች፤ ታጥቤያለሁ ሲሏት ዝም ብላ ትወጋለች። መጀመሪያ ረስታው ነው አሉ። ቀጥሎ አልኮሉ አልቆባት ይሆናል አሉ። ያቺ “ታጥበዋል?” የምትለው ነገር ግን አንጀታቸው ውስጥ ገብታ ቀረች። ቆሻሻ ነሽ ማለቷ ነው? ቆሻሻ ከሆንኩስ ለምን አትጠርገኝም?

ምራታቸውን እንደ መጠየቅ፣ ለጎረቤታቸው ለጡረተኛዋ አስተማሪ አዋዩዋት። አስተማሪዋ ወሬ ስትሰማ ፊቷ የሚፈካ ሴት ናት። ሳይጠረግ ተወግቶ ክንዱ እንደ ዳቦ ያበጠ አንድ የምታውቀው ሰው እንዳለ ነገረቻቸው። ልትሄድ ከተነሳች በኋላ በሩ ላይ ቆም አለች።

“እኔ እንግዲህ ምንም አልወጣኝም። ግን ቤቱ በማን ስም ነው?”

ከዚያ ቀን ወዲህ እናትየው እንቅልፍ አጡ። ምራትየዋ ስልክ ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ “ምን ልትል ነው?” ይላሉ። ሾርባው ጨው ሲያንሰው ከምራትየዋ ፊት ላይ ምክንያቱን ይፈልጋሉ። ክንዳቸውን መስታወት ፊት እያገላበጡ አዩት፤ መቅላት የለ፣ ማበጥ የለ። “ገና ነው” አሉ።

በመጨረሻ ቆረጡ። አንድ ጠዋት ቁርስ አልበላሁም፣ መርፌው ይቆየኝ ብለው ምራትየዋን ወደ ሥራዋ ሸኟት። ልብሳቸውን በሻንጣ ሸከፉ። ሌላውን ሁሉ እየጠረገች እሳቸውን ብቻ የምትተው ከሆነ፣ ማታውኑ ለልጃቸው ተናግረው ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ይሄዳሉ። ልጃቸው የእናቱን ነገር ከሰማ ያቺን ትዳር ማን ያተርፋታል? ይህንንም ያውቁታል። የመድኃኒታቸውን ብልቃጥ እንዳይሞቅ በእርጥብ መሐረብ ጠቅልለው፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ ምራትየዋ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ሄዱ።

ከመርፌ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የክፍሉ መጋረጃ ስፋቱ ሳይለካ የተቆረጠ ነው፤ ከበሩ ጠርዝ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰፋውን ሰው ይራገሙ ነበር፤ ዛሬ አመሰገኑት። በክፍተቱ ምራትየዋ ወለል ብላ ትታያለች። አንዲት ሴት ገባች፤ በጥጥ ጠረገቻት። አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ጠረገቻቸው። ከዚያ በኋላም የገባውን ሁሉ ጠረገች።

የእናትየው ምላስ ደረቀ። ስኳሩ ይሁን ንዴቱ እሳቸውም አላወቁትም።

አጠገባቸው የተቀመጠ ሹፌር እጇ ቀላል ነው፣ አይፍሩ ብሎ አጽናናቸው። እናትየው ሁሌ ትጠርግ እንደሆነ ጠየቁት።

“ሳትጠርግ ክንዱን ማን ይሰጣታል?” አለ እየሳቀ።

ወዲያው መጋረጃው ተገለጠና ምራትየዋ “ቀጣይ” አለች። ሻሹን አየች፤ ከሻሹ ሥር ያሉትን ዓይኖች አየች። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሰው እንዳያይ ግን ቶሎ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

“መርፌዎን አልወሰዱም። ለምንድነው እዚህ የመጡት?”

“የሰው ክንድ ሲጠረግ ለማየት ነዋ” አሉ። “የእኔ ምን አጥፍቶ ነው?”

ምራትየዋ ነገሩ ገባት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ መርፌ ቆዳው ንጹሕ ከሆነ አልኮል ግድ እንዳልሆነ፣ ሲማሩም ይህንኑ እንደተነገራቸው፣ ለዚህም ስትል መታጠባቸውን በየጠዋቱ እንደምትጠይቅ አስረዳቻቸው።

“እዚህስ? እነዚህ ሰዎች አልታጠቡም?”

“ጥጥ ካላዩ ክንዳቸውን አይሰጡኝም፣ እማማ። አይጎዳቸውም፤ ደስ እንዲላቸው ነው የምጠርጋቸው። እቤት ግን ማስመሰል አልፈለግኩም።”

“ታዲያ አትነግሪኝም?”

“ጠየቁኝ?”

እናትየው ለአስተማሪዋ ነግረዋል፣ ሹፌሩን ጠይቀዋል። ይህቺን ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቋትም። ቢሆንም ዓይናቸውን አልነቀሉላትም፤ እጇን ስትታጠብ አዩ፣ መድኃኒቱን ከብልቃጡ ስትስብ የመርፌውን መስመር በልብስ ሰፊ ዓይን ለኩ። ልኩ ነው።

“ልጄ ይህን የጥጥ ነገር ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“አይወቅ” አሉ።

ምራትየዋ መርፌውን እንደያዘች ጠበቀች። ጠዋት ገላቸውን ታጥበዋል፤ ሁለቱም ያውቃሉ። በመጋረጃው ክፍተት ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ ይመለከታል።

እናትየው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

“ጥረጊ” አሉ በሹክሹክታ። “ሰው ያያል።”