የፈጠነች ጉንጭ

ፈጠነች ቆጮ መጭመቅ አቃታት። በሶዶ ዙሪያ ላለች ባለትዳር ደግሞ ይህ ትልቅ ነውር ነው። ከጉድጓድ ያወጣችውን በቃጫ ጠቅልላ ትጠመዝዘዋለች፣ ትዳስሰዋለች፣ ደርቋል ብላ ታቀርባለች፤ ሲጋገር ውሃው ይንጠፈጠፋል።

«ሰው ምራት ያመጣል፣ እኔ ተቀላቢ አመጣሁ» ይላሉ አማቷ ወይዘሮ ዘነቡ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሰነፍስ አልነበረችም። ቆዳ እርጥበትን ለይቶ የሚያውቅበት የራሱ ብልሃት የለውም፤ ቅዝቃዜውንና ንክኪውን ደምሮ ነው «ረጥቧል» የሚለው። የእሷ እጆች ቅዝቃዜ መለየት ትተዋል፤ ሙቀትም እንደዚሁ። ድስት ከእሳት ላይ በባዶ እጇ አውርዳ ጣቶቿ ውሃ ሲቋጥሩ ምን እንደያዛት ገባት። አጎቷም ሥጋ ደዌ ሲይዘው እንዲሁ ነበር የጀመረው። ዘመድ አዝማዱ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሰው ለብቻው አስቀመጡት፤ ልጆቹን ዳግም አላቀፈም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህን የሚሉት ግን የሚያስጠጋ ያላቸው ናቸው። ፈጠነች አንድ ልጇን፣ ጡት ያልጣለውን ኤርካሎን፣ እንዳይነጥቋት ስትል ሰነፍ መባልን መረጠች። የገላውን ውሃ በጉንጯ እየለካች አጠበችው፤ ገንፎውንም በጉንጯ እየለካች አበላችው። ጉንጯ አላሳፈራትም።

በ1952 ዓ.ም. ክረምቱ ሲወጣ ባሏ አንጁሎ ዘመድ ሊጠይቅ ሁምቦ ቆላ ይዟቸው ወረደ። ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ልጁ ይነጫነጭ ጀመር።

«ወባ እንዳይሆን። ትኩሳት አለው እንዴ?» አለ አንጁሎ፣ እጁ በእርሻ ጭቃ ተለውሶ በር ላይ ቆሞ። «ካለው ኦቶና ሆስፒታል እናድርሰው።»

ፈጠነች ጎንበስ ብላ ጉንጯን ግንባሩ ላይ አሳረፈች። ምንም ትኩሳት የለም። ደስ አላት። «እሰይ! ደህና ነው፤ ጥርስ ሊያወጣ ነው» አለች። አንጁሎ አመናት፤ በልጇ ነገር እናትን ማን ይጠራጠራል? ወደ እርሻው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘነቡ ልጁን ሊያቅፉ ነክተውት ጮኹ። «ይሄ ልጅ እሳት ሆኗል! አንቺ ሴት፣ ምን ነክቶሽ ነው?»

ፈጠነች ጉንጯን ቆነጠጠች። አልተሰማትም። አጥብቃ ቆነጠጠች። ያን ጊዜ ልጁን አዝላ ወደ ኦቶና ሮጠች። አንጁሎም ጩኸቱን ሰምቶ ከእርሻ ደረሰና አብሯት ሮጠ። ካፊያ ይጥል ነበር። ዳገቱን ሲጨርሱ ልጁ ማቃሰቱን ተወ።

«እንዴት ነው?» አለ አንጁሎ እያለከለከ።

እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የልጇን እግር ያዘች። «እንደነበረ ነው። ተኝቷል።»

አንጁሎ ያንኑ እግር ነካና ቆመ። እሷ መንገዷን ቀጠለች፤ ከኋላዋ ሲያለቅስ ስትሰማ ነው የቆመችው። ዞራ እጆቿን ዘረጋችለት፤ የሚደበቅ ነገር አልቀረም።

«የኤርካሎ አባት፣ እኔ አላውቅም» አለች። «አንተ ንገረኝ፤ ቀዝቅዟል?»